ገንዘቡ ወጣ፣ ሥራውስ?

«ይህ ፕሮጀክት ወደፊት እየሄደ ነው ወይስ ገንዘብ ብቻ እየበላ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁነኛ መልስ የሚሰጥ ስሌት ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አለ። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ይሠራዋል። በኢንጂነሮችና በፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች ዘንድ «ኧርንድ ቫልዩ» እየተባለ የሚታወቀው ይህ ዘዴ፣ እስካሁን የተሠራው ሥራ በተያዘለት በጀት ሲተመን ስንት ያወጣል ብሎ ይጠይቅና መልሱን ከታቀደውና ከወጣው ገንዘብ ጋር ያስተያያል። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ዘዴውን በደንብና በመመሪያ ያስገደዱ ባለጸጋ መንግሥታት ሳይቀሩ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከባከነ በኋላ የሚነቁት ለምንድን ነው? የዘዴውን ታሪክ ከመነሻው ለተከታተለ መልሱ ሩቅ አይደለም። መጥፎውን ቁጥር የሚያወጣ ባለሙያ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሲጠፋ የኖረው ቁጥሩን ሰምቶ በጊዜ የሚወስን አለቃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ፋብሪካዎች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ እንደ ፍሬድሪክ ቴይለር ያሉ መሐንዲሶች ሰዓት ይዘው ሠራተኛው ፊት እየቆሙ አንድ ዕቃ ለማምረት ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ ይለኩ ነበር። ቴይለር ሐሳቡን በ1911 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬም በየፕሮጀክት ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጊዜ ሰንጠረዥ ደግሞ በሥራ ባልደረባው በሄንሪ ጋንት ስም ይጠራል። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሒሳብ ሹም በወሩ መጨረሻ የሚያስተያየው ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፤ የተፈቀደውንና የወጣውን። መሐንዲሶቹ በመካከል ሦስተኛ አስገቡ። ለአንድ ዕቃ 2 ሰዓት ይበቃል ከተባለና 100 ዕቃ ከተመረተ፣ ፋብሪካው የ200 ሰዓት ሥራ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሠራተኞቹ የተከፈላቸው ለ250 ሰዓት ከሆነ 50ው ሰዓት የት እንደገባ መጠየቅ ይቻላል። ፋብሪካው ውስጥ ይህ ቁጥር ከላይ ያሉትን አላስቸገረም። ለኪው የአለቃው ሰው፣ ተለኪው የበታች ሠራተኛ ስለነበር መጥፎ ውጤት ሲገኝ ተወቃሹ የታወቀ ነበር። ጣጣው የመጣው መለኪያው ወደ ላይ ዞሮ የአለቃውን ዕቅድ፣ የአለቃውን ውልና የአለቃውን ቃል መመዘን ሲጀምር ነው።

መለኪያው ከፋብሪካ ወጥቶ ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያሳይ በመንገድ ሥራ ማየት ይቻላል። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በ10 ወር፣ በ100 ሚሊዮን ብር ሊሠራ ታቀደ እንበል፤ በየወሩ 1 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱም 10 ሚሊዮን ብር። በ4ኛው ወር መጨረሻ 40 ሚሊዮን ብር ወጥቷል። ሒሳብ ክፍሉ መዝገቡን ገልጦ ያያል፤ ሊወጣ የታቀደው 40፣ የወጣው 40፤ ልዩነት የለም፣ ሁሉም ደኅና ነው። ቦታው ላይ ሲኬድ ግን ያለቀው 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በበጀቱ ሲተመን ይህ ሥራ 30 ሚሊዮን ያወጣል። 30ውን ለ40 ስናካፍል 0.75 ይመጣል፤ ማለትም የወጣው እያንዳንዱ ብር የ75 ሳንቲም ሥራ ብቻ አስገኝቷል። አካሄዱ ካልተለወጠ መቶው ሚሊዮን ወደ 133 ሚሊዮን ይጠጋል። ሥራ አስኪያጁ «በቀሪው ጊዜ እናካክሰዋለን» ቢል ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። የቀረው ሥራ 70 ሚሊዮን የሚያወጣ ሲሆን የቀረው ገንዘብ 60 ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከአንድ ብር 75 ሳንቲም ሲያገኝ የነበረ ፕሮጀክት ከነገ ጀምሮ 1 ብር ከ17 ሳንቲም ማግኘት አለበት። ይህ ቁጥር አንድ ሰው ተስፋ ሲሰጥ ተስፋው ምን ያህል ተአምር እንደሚጠይቅ በአኃዝ ያስቀምጠዋል። የሚጠላውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ወደ ታላላቅ ፕሮጀክቶች የተሻገረው በቀዝቃዛው ጦርነት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከባሕር ሥር የሚተኮሰውን ፖላሪስ ሚሳይል ለመሥራት በአድሚራል ዊሊያም ራቦርን የሚመራ ልዩ ቢሮ አቋቁሞ ነበር። ቢሮው በ1958 ፐርት የተባለ የሥራ መረብ ዘዴ ይዞ ወጣ፤ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ፣ የቱ ቢዘገይ ሁሉም እንደሚዘገይ በሥዕልና በኮምፒውተር የሚያሳይ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1960 ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ ሥር ሆና ፖላሪስን በተሳካ ሁኔታ ስትተኩስ ዘዴው ዝናን አተረፈ፤ ኩባንያዎችና መሥሪያ ቤቶችም ተሻሙበት። ሆኖም ሃርቪ ሳፖልስኪ የተባለ ምሁር በ1972 ባሳተመው የፖላሪስ ጥናት የዝናውን ሌላ ገጽታ ገለጠ። እንደ እሱ አባባል የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአመዛኙ የሚመሩት በሌላ መንገድ ነበር፤ ፐርት የጠቀመው ከውጭ ሊቆጣጠሩ የሚመጡትን ኮንግረሱንና የበላይ መሥሪያ ቤቶችን «ሁሉ ነገር በሳይንስ እየተመራ ነው» ብሎ ለመመለስ ነበር። ከዚህ የምንማረው መለኪያ እንደ ጋሻም ሊያገለግል እንደሚችል ነው። ሰንጠረዡ በረቀቀ ቁጥር ጠያቂው ያፍራል፤ ጠያቂው ሲያፍር ደግሞ እውነቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

በ1962 የመከላከያ ሚኒስቴሩና የጠፈር ድርጅቱ ናሳ ለፐርት የወጪ ክፍል ጨመሩለት። የፋብሪካው ሦስተኛ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ ዋጋ፣ በዚያ ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያዎቹ በቅጽ ብዛት ተማረሩ፤ በጊዜው የነበሩት ኮምፒውተሮችም ያን ሁሉ መረጃ አልቻሉትም፤ አሠራሩ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ተተወ። አየር ኃይሉ ግን ሚኒትማን በተባለው የሚሳይል ፕሮጀክቱ ላይ ሦስተኛውን ቁጥር ለይቶ አስቀረው። ከዚያ የተገኘው ብልሃት የሚደነቅ ነው። መንግሥት ለኩባንያዎች «ይህን ሥርዓት ተጠቀሙ» ማለቱን ትቶ «በየትኛውም ሥርዓት ተጠቀሙ፣ ነገር ግን እነዚህን መስፈርቶች ያሟላ» ማለት ጀመረ። በታኅሣሥ 1967 የመከላከያ ሚኒስቴሩ 35 መስፈርቶችን የያዘ መመሪያ አወጣ። ሥራው ተቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ኃላፊ፣ ጊዜና በጀት ይሰየምለት፤ የተሠራው በበጀቱ ይተመን፤ ልዩነት ሲፈጠር ምክንያቱ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ወጪ በየጊዜው እንደገና ይገመት የሚሉት የመስፈርቶቹ አጥንቶች ነበሩ። በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ያን ዕለት ያለቀ ይመስል ነበር።

ዓመት ሳይሞላው የመመሪያው መንፈስ ተፈተነ። ኧርነስት ፊትዝጀራልድ በአየር ኃይሉ የአስተዳደር ሥርዓቶች ምክትል ኃላፊ ሲሆን፣ ቀድሞም በሚኒትማን ላይ በአማካሪነት የሠራና የአፈጻጸም መለኪያው እንዲሰፋ ከገፉት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። በኅዳር 1968 ሴናተር ዊሊያም ፕሮክስማየር በሚመሩት የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ሎክሂድ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሲ-5ኤ የተባለ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ከተገመተው ዋጋ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያልፍ እንደሚችል አረጋገጠ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል እንዲህ ያለውን ነው። በቀጣዩ ዓመት የሥራ መደቡ «ታጠፈ» ተብሎ የስንብት ማስታወቂያ ደረሰው። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ በ1973 ስንብቱ አግባብ እንዳልነበር ወሰነለት፤ ወደ ቀድሞ ሥራው ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ግን ከብዙ ክርክር በኋላ በ1982 ነው። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፊትዝጀራልድ በዚሁ ስንብት ምክንያት በፕሬዚዳንት ኒክሰን ላይ ያቀረበውን ክስ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገ፤ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለፈጸመው ተግባር በካሣ አይከሰስም የሚለው የታወቀ ውሳኔ የተሰጠው በእሱ መዝገብ ነው። የሲ-5ኤን ወጪ ለማስላት ችግር አልነበረም። ችግሩ የተሰላውን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው እንጀራውን ማጣቱ ነው፤ በየቢሮው ይህን ያዩ ሌሎች ባለሙያዎችም ትምህርቱን ሳይወስዱ አልቀሩም።

ያ ትምህርት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው ከሃያ ዓመት በኋላ በኤ-12 አውሮፕላን ነው። የባሕር ኃይሉ ከራዳር የሚሰወር የጥቃት አውሮፕላን እንዲሠሩለት በጥር 1988 ከማክዶኔል ዳግላስና ከጄኔራል ዳይናሚክስ ጋር ተዋዋለ። የውሉ የዋጋ ጣሪያ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሊሸከሙ ነበር። ሥራው በ35ቱ መስፈርቶች ይለካ ነበር፤ ኩባንያዎቹም ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። በሚያዝያ 1990 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ለኮንግረሱ ፕሮጀክቱ በደኅና ሁኔታ ላይ እንዳለ ተናገሩ። ሰኔ 1 ቀን ኩባንያዎቹ የመጀመሪያው በረራ እንደሚዘገይና ወጪው ጣሪያውን እንደሚያልፍ ለባሕር ኃይሉ አስታወቁ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ቼስተር ፖል ቢች በኅዳር ያቀረበው ሪፖርት የሚያስገርም ነገር ያዘለ ነበር። የኩባንያዎቹ የራሳቸው ወርሃዊ ሪፖርቶች ጉድለቱን ከብዙ ጊዜ በፊት ሲያሳዩ ቆይተዋል፤ በሚኒስቴሩ ውስጥም ቁጥሮቹን አንብቦ ያስጠነቀቀ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን ከግምቶቹ ሁሉ ወደ ላይ የተላከው አስደሳቹ ግምት ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ሚኒስትሩ ዘንድ አልደረሰም። ጥር 7 ቀን 1991 ቼኒ ውሉን ሰረዙት። አንድም ኤ-12 አልበረረም። በመንግሥትና በኩባንያዎቹ መካከል የተነሣው ክርክርም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ፣ ኩባንያዎቹ የ400 ሚሊዮን ዶላር ግምት ያለው አውሮፕላንና አገልግሎት እንዲሰጡ በ2014 በስምምነት እስኪዘጋ ድረስ 23 ዓመት ፈጀ።

ለኤ-12 ውድቀት ሌላ ምክንያት የሚሰጡ አሉ፤ ምክንያታቸውም ክብደት አለው። ፕሮጀክቱ በከፍተኛ ምሥጢር የተያዘ ስለነበር መረጃውን ማየት የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ውሉ በቋሚ ዋጋ መሆኑም ለአዲስ ቴክኖሎጂ የማይስማማ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከተገመተው በላይ መክበዱም የምሕንድስና ጣጣ እንጂ የሪፖርት አይደለም። ሁሉም እውነት ነው። ሆኖም እነዚህ ፕሮጀክቱ ለምን እንደታመመ ይነግሩናል፤ በሽታው ለምን ዘግይቶ እንደተነገረ አይነግሩንም። ቢች ራሱ ያተኮረው በዚህ ላይ ነበር። ነገሩን ከአንድ ፕሮጀክት ሰዎች ጥፋት አሳልፎ የአሠራር ባህል ችግር አድርጎ ያየው ሲሆን፣ ባህሉ ካልተለወጠ ተመሳሳይ ውድቀት እንደሚደገም አስጠነቀቀ። ሥራ አስኪያጁ ፕሮጀክቱን በበጀት ሰሚዎች ፊት እንዲከላከል ይጠበቅበታል፤ ያው ሰው የፕሮጀክቱን ጉድፍ እንዲያጋልጥም ይጠበቅበታል። ጠበቃና ዳኛ አንድ ሰው በሆነበት ችሎት ማን እንደሚረታ አስቀድሞ ይታወቃል።

ከኤ-12 በኋላ የአየር ኃይሉ መምህር ዴቪድ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ የመከላከያ ሚኒስቴሩን የቆዩ ውሎች አገላብጠው አንድ ወሳኝ ግኝት አሳተሙ። ሥራው 20 በመቶ ገደማ ከደረሰ በኋላ፣ በመንገዱ ምሳሌ 0.75 የሆነው የወጪ መለኪያ እምብዛም አይለወጥም፤ ቢለወጥም ወደ መባሱ ያደላል። «በኋላ እናካክሰዋለን» የሚለው ቃል በታሪክ መዝገብ ሲፈተሽ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ይህም ቢሆን ተቃዋሚ አላጣም። በ2008 ኪም ሄንደርሰንና ኦፈር ዝዊካኤል ከእስራኤል፣ ከብሪታንያና ከአውስትራሊያ የተሰበሰቡ አነስተኛ የቴክኖሎጂና የግንባታ ፕሮጀክቶችን መርምረው፣ መለኪያው የሚረጋው ብዙ ጊዜ ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ እንደሆነ አሳዩ። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የአሜሪካ መከላከያ ግዙፍ ውሎች ልማድ ለሁሉም ቦታ ሕግ ሊሆን አይችልም። ይሁንና የ20 በመቶው ደንብ ቢላላ እንኳ የሚላላው የትንበያው እርግጠኝነት ነው። እስከ ዛሬ የሆነውን የሚናገረው 0.75 እንዳለ ይቆያል፤ አለቃውም ቢያንስ «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታው አይነሣለትም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዘዴው ከሒሳብ ተቆጣጣሪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሥራ አስኪያጆች እጅ እንዲገባ ተሞከረ። የኢንዱስትሪው ባለሙያዎች 35ቱን መስፈርቶች በቀለለ ቋንቋ ጽፈው 32 አደረጓቸው፤ ሚኒስቴሩ በታኅሣሥ 1996 ተቀበላቸው፤ በ1998ም የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኑ። በ2006 የፌዴራል መንግሥቱ የግዥ ደንብ ለታላላቅ ልማታዊ ግዥዎች ግዴታ አደረጋቸው፤ በ2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የራሱን ደረጃ አወጣ። በዚህ መሐል፣ በ2003፣ በኦክላሆማው ቲንከር የአየር ኃይል ጣቢያ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶችን ይመራ የነበረው ዋልት ሊፕኬ ለሠላሳ ዓመት ብዙዎች ያለፉትን ጉድለት አነሣ። የመንገዱ ምሳሌ ጉድለቱን ያሳያል። 10ሩ ኪሎ ሜትር በ10 ወር ፈንታ በ14 ወር ቢያልቅም፣ በመጨረሻው ቀን የታቀደው 100፣ የተሠራውም 100 ሚሊዮን ይሆናልና የተሠራውን ለታቀደው የሚያካፍለው የጊዜ መለኪያ 1 ብሎ «አልዘገየም» ይላል። ሊፕኬ መዘግየቱ በገንዘብ ሳይሆን በወር ይለካ አለ፤ በ4ኛው ወር 3 ኪሎ ሜትር የሠራ ፕሮጀክት በዕቅዱ 3ኛ ወር ላይ ነው፣ አንድ ወር ዘግይቷል ማለት ነው። መለኪያው እንዲህ በራሱ ባለሙያዎች መታረሙ ለጥንካሬው ምስክር ነው፤ የስሌቱን ቀዳዳ መድፈን የሰሚውን ጆሮ ከመክፈት የቀለለ መሆኑንም ያሳያል።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ግን ሦስተኛው ቁጥር ራሱ ሊታለል ይችላል የሚለው ነው። ግማሽ የደረሰን ሥራ 90 በመቶ ብሎ ማስመዝገብ፣ ቀላሉን አስቀድሞ ከባዱን ማዘግየት፣ ወይም በውሉ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሥራዎች ዋጋ ማስወደድ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ለዚህም መድኃኒት ተበጅቷል። ሥራው በትንንሹ ይከፋፈልና ወይ ሙሉ በሙሉ ካላለቀ ምንም አይቆጠርለትም፣ ወይም ሲጀመር ግማሹ፣ ሲያልቅ ቀሪው ይቆጠርለታል፤ የፎርማን ግምት ቦታ አያገኝም። ዘዴው ከአቅሙ በላይ የሚሆንበት ቦታም አለ። ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ምርምርን በኪሎ ሜትር ከፋፍሎ መተመን ራስን ማታለል ነው፤ ለትንሽ ሥራም 32 መስፈርት ማሟላት ከሥራው ይልቅ ወረቀቱን ያስወድዳል። ስለዚህ መለኪያው ለሁሉም አይሆንም። መንገድ፣ ግድብ፣ ሕንፃና ፋብሪካ ግን ብዛታቸው ተሰፍሮ፣ ዋጋቸው በሥራ ዝርዝር ተጽፎ የሚገቡ ናቸውና አይሆንም የሚያሰኝ ምክንያት የላቸውም።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በየዓመቱ የመንግሥት ፕሮጀክት ሪፖርት ሲቀርብ «ፊዚካል አፈጻጸሙ ይህን ያህል በመቶ፣ ፋይናንሺያል አፈጻጸሙ ይህን ያህል በመቶ» ሲባል እንሰማለን። ሁለቱ አኃዞች ሦስተኛውን ቁጥር ለማግኘት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዘዋል። ፊዚካሉ በሥራ ዝርዝሩ ዋጋ የተመዘነ ከሆነ፣ እሱን ለፋይናንሺያሉ ማካፈል ብቻ ይቀራል፤ 45ን ለ60 ብናካፍል ያው 0.75 ይመጣል። በእርግጥ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ንረት፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የወሰን ማስከበር መጓተት ቁጥሩን ያለ ሥራ ተቋራጩ ጥፋት ሊያበላሹት ይችላሉ፤ ቅድሚያ ክፍያም ፋይናንሺያሉን ያሳብጠዋል። መለኪያው ጥፋተኛውን አይለይም፤ ምርመራ መጀመር ያለበትን ጊዜ ያመለክታል እንጂ። ስለዚህ ሪፖርት የሚሰሙ የምክር ቤት አባላት፣ ቦርዶችና ጋዜጠኞች በመቶኛው ብቻ ሳይረኩ «ፊዚካሉ በምን ተመዘነ? በዚህ አካሄድ የመጨረሻው ወጪ ስንት ይሆናል? ግምቱን ያወጣው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ፕሮጀክት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችም ቁጥሩን የሚያወጣውን ክፍል ከፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ሥር አውጥተው ተጠሪነቱን ለበላይ ቦርዱ ያድርጉት፤ መጥፎ ቁጥር ይዞ የመጣ ባለሙያም ሥራውን እንደማያጣ በደንብ ጽፈው ያረጋግጡለት። ይህ ሳይደረግ የሚገዛ ሶፍትዌር የሪፖርቱን መልክ ከማሳመር አያልፍም።